ነጭ በነጭ ላይ

ኦስሞ የካያኒ አውሮፕላን ማረፊያ በረዶ ጠራጊ ነበር፤
ሠላሳ አንድ ክረምት ሌሊት እየተነሣ በመኪናው ሲዞር፣
አብራሪ አያውቀው፣ መንገደኛ አያየው፣
የሚያርፈው ሲያርፍ፣ የሚሄደው ሲሄድ፣ እሱ ዳር ላይ ነው።

ጡረታ ወጣና ቤት ዋለ አንድ ወር፤
ከዚያ ከዓሣ ሻጩ ፎም ሣጥን ሰብስቦ ይሸረክት ጀመር።
ነጭ የዓሣ ሣጥን፣ በረዶ ያቀፈ፣ ሽታው ያልለቀቀ፣
ምላጭ እየበላው፣ ብርጭቆ ወረቀት እየላሰው ረቀቀ።
ፍርፋሪው ካልሲው ላይ፣ ቅንድቡ ላይ አርፎ ሾርባው ውስጥ ገባ፤
«የደጁ አንሶኝ ነው» አለች ሌምፒ ሚስቱ፣
«ሳሎኔም የሚለብስ የበረዶ ካባ?»

እሱ ግን አይሰማ። ክንፏን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጎ፣
በጀርባዋ ውስጥ የካርቦን ዘንግ እንደ አከርካሪ ሸሽጎ፣
ከሆዷ መካከል ጡጫ የሚያህል ማራገቢያ ሰካ፤
አንድ ማታ ቢያስነሣው የወጥ ቤቱን መጋረጃ ጎርሷል ለካ።

ፕላን አልገዛም። ከመኪናው መስኮት ቀና ብሎ ለዓመታት ያየውን፣
ያንን የሆድ ቅርጽ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ላይ በኩል ያለውን
ገምቶ ሠራው።

እኔ ፖስታ አዳይ ነኝ፤ ሞተሩን፣ ባትሪውን ያመጣሁለት፣
ካርቶኑን ተቀብሎ እንደ ሕፃን ሲያቅፈው ያየሁት።
ለእያንዳንዷ ግራም ይሟገት ነበር፤ ጎማ ነፈጋት፣
ቀለም ይከብዳል ብሎ ነጭ እንደሆነች ተዋት።

የካቲት መጣ። ሐይቁ እንደ ሲሚንቶ ጠጠረ።
ኦስሞ በጎረቤት ትራክተር በረዶውን ገፎ ዳርና ዳር አጠረ፤
መቶ እርምጃ ርዝመት፣ ስምንት እርምጃ ስፋት፣
ቀጥ ያለ፣ የተወለወለ። ለማን ነው ይህ ሁሉ ጥራት?

ባትሪ ብርድ አይወድም። ብብቱ ሥር ሸጉጦ እንደ ጫጩት አሞቀው፤
«ወርውሪያት» አለኝ። ጓንቴ ውስጥ እጄን አላበው።

እንደ ተርብ ጮኸች፣
ከመዳፌ ሾልካ ሄደች፣
ከጥዶቹ ጫፍ በላይ ዞረች፣
ፀሐይ ክንፏን ሲነካው አንዴ አብረቀረቀች።
ከዚያ ደመና መጣ።
ነጭ ሰማይ፣ ነጭ ሐይቅ፣ ነጭ ጄት፤ መለያቸው ታጣ።
«የት አለች?» ይለኛል። ድምጿን እሰማለሁ።
«ግራ ናት?» ይለኛል፤ «አላውቅም» እላለሁ።
ጣቱ ከሪሞቱ አልተነሣም፤ ዓይኑ ብቻ ለመነ፤
ነጭን ከነጭ መሐል ለቅሞ ለማውጣት ማን ነው የተካነ?

ድፍ። ይኸው ነው ድምፁ፤ ትራስ ከአልጋ እንደ ወደቀ።
አፍንጫዋ ተጨፍልቆ፣ ክንፏ ተሰንጥቆ አገኘናት።
ኦስሞ ሳቀ።
ፎም ደግነቱ ይህ ነው፤ የተሰበረው ቦታ ሙጫ ካገኘ፣
ከበፊቱ ይልቅ ይጠነክራል፤ ቂም ከሆዱ አልተገኘ።

ማታ ሌምፒ የሥራ ሰደርያውን ከምስማሩ አወረደች፣
ያንን ብርቱካናማ፣ በጨለማ የሚያበራውን፣ በመቀስ ሸረከተች፣
አንድ ቃል ሳትናገር ከጄቷ ሆድ ሥር ለጠፈች።
ኦስሞ ሚዛን ላይ አወጣት፤ አሥራ አንድ ግራም ጨምራለች።
ሚስቱን አያት። አየችው።
ሚዛኑን ቁም ሣጥን ውስጥ መለሰው።

እሑድ እንደገና። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት።
ወረወርኳት፤ ጥዱን አለፈች፣ ደመና ሥር ገባች፤ ግን ያ እሳት፣
ያ የሰደርያ ቁራጭ፣ ስትዞር ዞሮ፣ ስታጋድል አጋድሎ፣ ከሩቅ ታይቶ፣
ግራ ቀኟን ይነግራል፣ እንደ ጠራጊ መኪና መብራት ጉም ውስጥ በርቶ።

አራት ደቂቃ። ሪሞቱ ጢጥ አለ፤ ባትሪው ደከመ።
ጩኸቷ ተቆረጠ፤ አየሩ ብቻ በክንፏ ሥር አዜመ።
ዝቅ አለች፣ ዝቅ፣ የተጠረገላትን መንገድ አገኘች፣
ሆዷ በረዶውን ዳሰሰው፣ ተንሸራተተች፣
ተንሸራተተች፣
ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

ኦስሞ ዳር ላይ ነበር። እንደ ልማዱ ከመስመሩ አንድ ክንድ ወጣ ብሎ፣
የሚያርፈው እስኪያርፍ መንገድ ለቆለት፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ችሎ።
ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ጓንቱን አውልቆ በሞተሩ ግለት እጁን አሞቀ።
«አሽትቺያት» አለኝ።
አሸተትኩ። ደመና ገብታ እንኳ የዓሣው ሽታ አልለቀቀ።